የክሌይ ፎርኳ እንግሊዛዊት

ከሚዙሪ ወንዝ አንስቶ እስከ ኮሎራዶ ድንበር በተዘረጋው የነብራስካ ምድር፣ እግር ኳስን እንደ ትሬሳ ቮንድራቼክ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህን የመሰከረችው ራሷ ትሬሳ ናት። ከሳሹም ምስክሩም ዳኛውም እሷው ስለሆነች ይግባኝ ያለ አልተገኘም።

እውቀቷ የመጣው ከሶፋ ነው። አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ሲሆን፣ ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሌላው የአዳም ልጅ ሳይነቃ፣ በሌሊት ልብሷ ተጠቅልላ የእንግሊዞችን ጨዋታ በቴሌቪዥን ታያለች። በገዛ እግሯ ስለ መጫወቷ ግን ባይነሳ ይሻላል። ሦስተኛ ክፍል ሳለች አንድ ሰሞን ተጫውታ ነበር። በረኛ አደረጓት። ኳሱ ወደ እሷ እስኪመጣ ለምን ጊዜ አጠፋለሁ ብላ የመረቡን ገመድ ሹሩባ ስትሠራው ሦስት ጎል ገባባት። ሹሩባው ግን ያምር ነበር፤ የተቃራኒው ቡድን እናቶች ሳይቀሩ አድንቀውታል።

ከዚያ ሶፋ ሌላም ነገር ይዛ ተነስታለች፤ ድምፅ። አሜሪካ ውስጥ እግር ኳስ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የሚያወራው ሰው እንግሊዛዊ ካልሆነ ተመልካቹ አያምነውም። ያገሩ ልጅ «ገባ!» ብሎ ሲጮህ ጎሉ ገና ያጠራጥራል። እንግሊዛዊው «እንዴት ያለ ውብ ነገር ነው» ብሎ ሲተነፍስ ግን በአጥር ላይ የሄደችው ኳስ እንኳ የገባች ትመስላለች። ትሬሳ ይህን ስለምታውቅ ሁለት የእረፍት ወራት ሙሉ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከመስታወት ፊት ተለማመደች። ለንደንን በካርታ ላይ አሳዪ ብትባል ጣቷ አየርላንድ ላይ የሚያርፈው ልጅ፣ የለንደን ሰው ሆና ወጣች።

የክሌይ ፎርክ ኬብል ጣቢያ ማለት አንድ ሴት፣ አንድ ካሜራና አንድ ሽማግሌ ነው። ሴቲቱ ሚስዝ ላቮን ፒክረል ናቸው፤ ካሜራውን ይተክላሉ፣ ስልኩን ያነሳሉ፣ ማስታወቂያ ይለምናሉ። ሽማግሌው ሚስተር ኦርቪል ሃስካምፕ ናቸው፤ ያንን የራስ ቁር ደፍተው ኳሱን በእጅ ታቅፈው የሚሮጡበትን ፉትቦል ሠላሳ አንድ ዓመት አስተላልፈዋል። በመኸር ፉትቦል፣ በረዶ ሲወርድ ትግል፣ በረዶው ሲቀልጥ ቦውሊንግ፤ የጣቢያው ዓመት ይኸው ነበር። ዘንድሮ ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ማንም ሳያስበው ለወረዳው ዋንጫ ደረሰና ሚስዝ ፒክረል ተቸገሩ። «ከኦርቪል ጎን ተቀምጦ ጨዋታውን ለሕዝቡ የሚያብራራ ማን አለ?» ብለው ትምህርት ቤት ሲመጡ፣ «ማን አለ» ከማለታቸው በፊት የትሬሳ እጅ ተሰቅሎ ነበር።

«ስሚ ልጄ» አሏት ሚስዝ ፒክረል። «ጨዋታው ሲያልቅ ለአሥር ደቂቃ ስልክ እንከፍታለን። አሥር ሰው ‹ይቀጥል› ካለ፣ ለሚቀጥለው ዓመት የሴቶቹን ጨዋታ በሙሉ እናስተላልፋለን፤ ወንበሩም ያንቺ ነው። ዘጠኝ ከሆነ ወደ ቦውሊንጋችን።»

«ዘጠኝ ተኩል ከሆነስ?»

«ግማሽ ሰው ሲደውል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ትሬሳ የዚያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ወንበሩን ፈለገችው፤ እንደዚያ ወንበር የፈለገችው ነገር የለም። በዚህ ዓለም ላይ የምትችለው አንድ ነገር ማውራት ነው፤ ለማውራት ደግሞ ወንበርና ማይክ የሚሰጥ ሥራ አለ ብሎ ማን ነገራት!

አሥሩን ደዋይ ስትቆጥር መጀመሪያ ያሰበችው አያቷን ኤሚልን ነበር። አባባ ኤሚል ከከተማው ወጣ ብለው ከሰባ ላሞች ጋር ይኖራሉ። ከእጃቸው የማትለየው የቴሌቪዥን ሪሞት ናት፤ ማስታወቂያ ጠላታቸው ስለሆነ፣ ገና የመጀመሪያዋ ቃል ስትሰማ ድምፁን ጸጥ ያደርጉታል። «ሕይወቴን ሙሉ ሳሙና የሸጡልኝ ይበቃል» ይላሉ። እግር ኳስን በተመለከተ ደግሞ አቋማቸው የታወቀ ነው።

«ሃያ ሁለት ሰው ሣር ላይ መርፌ ጠፍቶበት ሲፈልግ ማየት ነው» አሏት ስትለምናቸው።

«አባባ፣ እኔ እኮ ነኝ የማብራራልዎ! እኔ ካብራራሁት ለላሞቹም ይገባቸዋል።»

«እሺ። ላንቺ ስል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያለሁ። ከገባኝ እደውላለሁ፤ ካልገባኝ ግን አልዋሽልሽም።»

ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ትሬሳ ከመቀመጫዎቹ አናት ላይ ወዳለችው የጣውላ ክፍል ወጣች። ነፋሱ ክፍሏን እንደ ክብሪት ቀፎ ያንቀጫቅጫታል። ሚስተር ሃስካምፕ በጎመንና በሥጋ የተሞላ ዳቦ እየገመጡ የተጫዋቾቹን ስም ዝርዝር ይመለከታሉ። በሩ ላይ የቡድኑ አምበል ዬሰኒያ ባሪየንቶስ፣ ቀይ ካልሲዋን እስከ ጉልበቷ ስባ ቆማለች።

«ትሬሳ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። እማዬ ዛሬ የማታው ፈረቃ ናት። ሥጋ ፋብሪካው የእረፍት ክፍል ውስጥ ሁሉም ተሰብስበው ያያሉ። ካገባሁ ስሜን ጥሪው፤ ጮክ አርገሽ።»

«ስምሽ በነብራስካ ሰማይ ላይ ያስተጋባል፣ ክብርት አምበል» አለች ትሬሳ በለንደኑ ድምፅ።

ዬሰኒያ ጠጋ ብላ አየቻት። «ጉሮሮሽን አሞሻል እንዴ?»

«ይሄ የሥራ ድምፄ ነው!»

«እንግዲህ አምላክ ይማርሽ» ብላ ወረደች።

ሚስዝ ፒክረል ከካሜራው ኋላ ሆነው ወረቀት አቀበሏት። «እግር ኳስ መሃል ላይ አይቆምም አሉኝ፤ ስለዚህ ማስታወቂያ የማስገባበት ቦታ የለኝም። በየማዕዘን ምቱ የጎማ ቤቱን ስም ትጠሪያለሽ። መክፈቻውም እሱ ነው። ሦስት፣ ሁለት...»

ትሬሳ ደረቷን ነፋች።

«ክቡራትና ክቡራን፣ የዛሬው ጨዋታ የሚቀርብላችሁ በሻፈር ጎማ ቤት ነው። የሻፈር ጎማ፤ መንገዱ ቢያልቅ የማያልቅ!» አለች፣ እያንዳንዷን ቃል በወርቅ ሳህን ላይ እንደምታስቀምጥ ሁሉ።

ሚስተር ሃስካምፕ የሚያኝኩትን አቆሙ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ክፍል ሲቀመጡ እንዲህ ያለ ድምፅ ከጎናቸው ወጥቶ አያውቅም። «እንግዲህ... እንደምን ዋላችሁ ክሌይ ፎርኮች» አሉ ቀስ ብለው። «የኛዎቹ ቀይ፣ ተጋጣሚዎቻችን ባሬቶች ነጭ ለብሰዋል። ሰዓቱም አርባ ብሎ ወደ ታች መቁጠር ጀምሯል። ይሄ እንኳ ከፉትቦሉ ጋር አንድ ነው፤ ደስ ብሎኛል።»

«ውድ ባልደረባዬ ተሳስተዋል» አለች ትሬሳ ለስለስ ብላ። «ሰሌዳው ላይ ያለው ሰዓት ለጌጥ ነው። እውነተኛው ሰዓት ያለው በዳኛው እጅ ላይ ነው።»

«ታዲያ ለጌጥ ነው ያንን ሁሉ መብራት ያበሩት?»

«ትውፊት ነው» አለች። ትውፊት ማለት ምን እንደሆነ እሷም በደንብ አታውቅም፤ ግን እንግሊዞቹ መልስ ሲጠፋባቸው እንዲያ ይላሉ።

የመጀመሪያው አርባ ደቂቃ ያለ ጎል አለቀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ትሬሳ አፏን የዘጋችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ አንዴ ዝንብ ሲገባባት፣ አንዴ ደግሞ ዝንቡን ስትውጠው። ሚስተር ሃስካምፕ የፉትቦል ሰው ናቸውና ያዩትን ይጠይቃሉ። «ልጅቷ በእጇ ብትይዘው ምን ችግር አለው?» «ያቺኛዋ ለምን ወደ ኋላ ትመልሰዋለች? ግቡ እኮ ወዲያ ነው።» ትሬሳም ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከሶፋዋ ያመጣችውን መልስ በሰፊው ትዘረግፋለች። የጎማ ቤቱ ስም ሰባት ጊዜ ተጠራ።

ከእረፍት በኋላ፣ ሰሌዳው አሥራ ሰባት ደቂቃ ሲል፣ የመስመሩ ዳኛ ባንዲራ አነሳ።

«አሁን ደግሞ ማን ምን አጠፋ?» አሉ ሚስተር ሃስካምፕ።

ትሬሳ ወንበሯን ወደ እሳቸው አዞረች። ስትጠብቀው የነበረ ቀን ነው። ለዚህ ለኦፍሳይድ ብላ አንድ ሳምንት ሙሉ ምሳሌ ስትፈልግ ነው የሰነበተችው። «ሚስተር ሃስካምፕ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ነዎት እንበል። ወረፋ ይዘዋል።»

«ይዣለሁ።»

«ከፊትዎ አንዲት ሴትዮ አለች። ገንዘብ ተቀባይዋ ደግሞ ከሁሉም ፊት ናት። ጓደኛዎ ከኋላ ሆኖ ወተት ይወረውርልዎታል። ወተቱ ሲወረወር እርስዎ ሴትዮዋን አልፈው ከቆሙ ጥፋት ነው። ከተወረወረ በኋላ ካለፏት ግን ችግር የለም።»

ሚስተር ሃስካምፕ አገጫቸውን አከኩ። «ወተቱን ለምን ይወረውርልኛል?»

«ምሳሌ ነው!»

«ገንዘብ ተቀባይዋ በረኛዋ ናት?»

«በትክክል።»

«ሴትዮዋ የቅናሽ ኩፖን ካላትስ?»

«ኩፖን የለም፣ ሚስተር ሃስካምፕ።»

«እንዴት አይኖርም? ሐሙስ እኮ ነው። ሐሙስ ሁልጊዜ ኩፖን አለ።»

«እሺ ይኑራት! ኩፖን ቢኖራትም ባይኖራትም ወተቱ...»

ከታች መቀመጫዎቹ ላይ ያለው ሰው በአንዴ ሲነሳ ክፍሏ ተናጋች። ሰዉ ይጮኻል፣ ከበሮ ይመታል፣ አንድ ሰው ባርኔጣውን ወርውሮ መስኮቱን መታው። ትሬሳ ዘወር ስትል ኳሷ የባሬት መረብ ውስጥ ተኝታለች፤ ቀይ ለባሾቹ አንድ ላይ ተከምረዋል፤ ከክምሩ ሥር አንድ ቀይ ካልሲ ብቻ ይታያል።

«ምን ሆነ?» አሉ ሚስተር ሃስካምፕ።

«ጎል ገባ» አለች ትሬሳ። የገዛ ድምፅዋ ሾልኮ ወጥቶ ነበር፤ ቶሎ መለሰችው። «እንዴት ያለ... ውብ ነገር ነው።»

«ማን አገባችው?»

ካልሲ አይቶ ስም መጥራት ይቻላል? አይቻልም። «ያገባችው... ያገባችው ቡድናችን ነው» አለች። ሚስዝ ፒክረል ከካሜራው ኋላ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሰሌዳው ወደ ታች መቁጠሩን ቀጠለ። አምስት፣ ሦስት፣ አንድ ደቂቃ። ትሬሳ ያንን ጎል ለማካካስ አንድ ትልቅ ነገር መናገር ነበረባት። የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ደግሞ የእንግሊዞቹ ድግስ ናቸው፤ ሰዓት ካለቀ በኋላ ዳኛው የባከነውን ይጨምራል፤ ጉድ ሁሉ የሚፈላው ያኔ ነው።

«ተመልካቾቻችን!» አለች ሠላሳ ሰከንድ ሲቀር። «ሰሌዳው እንዳያታልላችሁ። የባከነው ሰዓት የሰከንድ ሽርፍራፊ ሳይቀር ይጨመራል። በኔ ግምት ከአራት ደቂቃ አያንስም። ምድጃ ላይ ድስት የጣዳችሁ ሂዱና አማስሉ፤ ትደርሳላችሁ።»

ሚስተር ሃስካምፕ በልማዳቸው ወደ ማይኩ ተጠጉ። «አሥር... ዘጠኝ... ስምንት...»

«አይቁጠሩ ሚስተር ሃስካምፕ፣ ሕዝቡን ያሳስታሉ።»

«አራት... ሦስት...»

«ገና ነው እኮ እያልኩ!»

ጡሩምባው እንደ ጭነት ባቡር አንባረቀ። ቀይ ለባሾቹ ሜዳ ላይ ተንከባለሉ፤ ነጭ ለባሾቹ ተቀምጠው አለቀሱ፤ አሠልጣኙ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ተደፋባቸው።

«ደስታቸው ያለጊዜው ነው» አለች ትሬሳ። «አራት ደቂቃ ይቀራል።»

ዳኛው ኳሷን በብብቱ ይዞ ወደ መኪናው ሄደ። የመኪናውን በር ከፈተ። ገባ።

«የረሳው ነገር አለ መሰለኝ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ከለንደን ወደ ነብራስካ ግማሽ መንገድ ተመልሷል።

በዚህ አገር የትምህርት ቤት ጨዋታ ላይ የባከነ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ዳኛው ሲያስፈልግ ሰዓቱን ያስቆመዋል፤ ዜሮ ሲል ጡሩምባ ይነፋል፤ ጨዋታው አለቀ። ይህን የክሌይ ፎርክ ልጆች ሁሉ፣ ሜዳው ዳር ፈንድሻ የሚሸጠው ሰውዬ ሳይቀር ያውቃሉ። ትሬሳ ግን የትምህርት ቤቷን ጨዋታ ሜዳ ወርዳ አይታ አታውቅም፤ ሶፋው ከሜዳው አራት ሺህ ማይል ወዲያ ነበር የሚያየው። ጠረጴዛው ሥር ገብቶ መቅረት የሚቻል ቢሆን ገብታ ነበር፤ ነገር ግን ሚስዝ ፒክረል ስልኩን ከፍተዋል።

የመጀመሪያዋ ደዋይ አንዲት አሮጊት ነበሩ። «ያቺ እንግሊዛዊት ልጅ የማን እንግዳ ናት? ከአገሯ ርቃ ስትቅበዘበዝ አንጀቴን በላችኝ። ማደሪያ ካጣች ትርፍ ክፍል አለኝ።»

«ይቀጥል ነው የሚሉት ወይስ አይቀጥል?» አሉ ሚስዝ ፒክረል።

«ልጅቷ አልጋ ካገኘች ይቀጥል።»

ሚስዝ ፒክረል አንድ ጣት አነሱ።

ሁለተኛው ሰውዬ ቁጡ ነበር። «አራት ደቂቃ አለ ብትለኝ ውሾቼን ላበላ ወጣሁ። ስመለስ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ማን ሞተ ብዬ ነበር! አይቀጥል!» ዘጋው።

ከዚያ ሥጋ ፋብሪካው ደወለ። የዬሰኒያ እናት ናቸው፤ ከኋላቸው የእረፍት ክፍሉ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። «እኛ እዚህ ሰባት ነን፤ ሰባታችንም ይቀጥል እንላለን። ለመሆኑ ልጄ ጎል ስታስገባ ስለ ወተት የምታወራው ማን ናት?»

ትሬሳ አንገቷን ሰበረች። «እኔ ነኝ፣ ይቅርታ። ያገባችው ዬሰኒያ ባሪየንቶስ ናት። ዬሰኒያ ባሪየንቶስ!» ሁለተኛውን ጮክ አድርጋ ጠራችው፤ ሃያ አንድ ደቂቃ ዘግይቶ ቢሆንም።

«እኛማ አይተናል» አሉ እናትየዋ። «አንቺም እንድታውቂው ብዬ ነው። ይልቅ እዚህ ክርክር ተነስቷል፤ ኩፖኑ ይሠራል አይሠራም?»

ሚስዝ ፒክረል የሰባቱን ስም አንድ በአንድ አስጠርተው ስምንት ጣት አደረሱ። ዘጠነኛው ሻፈር ራሱ ነበር። «ጎማዬ አሥራ አራት ጊዜ ተጠርቷል። እንግሊዝኛዋም ከነ ሞገሷ! ይቀጥል።»

ዘጠኝ።

ስልኩ ዝም አለ። አንድ ደቂቃ ቀረው። ዬሰኒያ ጭቃ እንደለበሰች ደረጃውን ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ የትሬሳን ፊት አይታ ስሜን ለምን አልጠራሽም ብላ ልትሳደብ የመጣችውን ትታ እሷም ስልኩን ማየት ጀመረች። ሚስተር ሃስካምፕ ከዳቦው ፍርፋሪ አንዷን ለቀሙ። ሠላሳ ሰከንድ። ትሬሳ ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ሊወስዱት የመጡ ይመስል።

ስልኩ ጮኸ።

«ኦርቪል?» አለ አንድ ጎርናና ድምፅ።

«ኤሚል! ኤሚል ቮንድራቼክ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ይቀጥል።»

ሚስዝ ፒክረል አሥር ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ዘረጉ። ዬሰኒያ ጭቃዋን ሳትጠርግ ትሬሳን አቀፈቻት። ትሬሳ ወንበሩን ለቀቀችው፤ የሷ ነዋ፤ ከእንግዲህ ምን ያስይዛታል።

«አንተ ሰውዬ» አሉ ሚስተር ሃስካምፕ፣ «መርፌ ፍለጋ ነው ስትል አልነበረም እንዴ?»

«ስል ነበር። ዛሬ ግን ገባኝ፣ ኦርቪል። ቁጭ ብዬ ሳየው ግልጽ ነገር ነው። ያ ባንዲራ የሚያነሳው ሰውዬ ለምን እንደሚያነሳ ታውቃለህ? ልጅቷ ኳሱ ሳይላክላት ከጠባቂዎቹ አልፋ ከበረኛዋ ጋር ተፋጥጣ ስለምትቆም ነው። ልክ በሩ ሳይከፈት አጥሩ ጥግ ሄዳ እንደምትጠብቀኝ ብልጥ ላም። ሰዓቱም ዜሮ ሲል አለቀ፤ ንጹሕ ሥራ ነው።»

ሚስተር ሃስካምፕ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ። «ኤሚል፣ አሁን ገና ገባኝ!»

ትሬሳ ነፍሷ ተመለሰ። ጎሉ ቢያመልጣትስ? ዳኛው ወደ ቤቱ ቢሄድባትስ? ከሰባ ላሞች ጋር የሚኖሩ የሰባ ዘጠኝ ዓመት አዛውንት ኦፍሳይድን አስረዱ! ማን አስተማራቸው? ማይኩን ወደ አፏ ሳበች፣ ደረቷን ነፋች፣ ከለንደንም የቀራትን ሁሉ ሰብስባ አመጣች።

«ክቡር ደዋያችን፣ ለተመልካች ሁሉ ይጠቅም ዘንድ ቢነግሩን፤ ከማብራሪያዎቻችን ውስጥ በተለይ የረዳዎት የትኛው ነበር?»

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ አባባ፣ ትሬሳ። ያብራራሁልዎ እኮ እኔ ነኝ።»

«የምን ማብራሪያ? ገና ሲጀምር አንዲት እንግሊዛዊት ስለ ጎማ ስትለፈልፍ ሰምቼ፣ ማስታወቂያው እስኪያልቅ ብዬ ድምፁን ዘጋሁት። በየመሃሉ ከፍቼ ሞከርኩት፤ አላለቀም።»